ግድግዳ ላይ ያማረው፣ ስልክ ላይ የጠፋው፦ የአንድ የፊርማ ምስል ውድድር የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳር ከተማ የግራፊክስ ሥልጠና በሚሰጥ አንድ አነስተኛ ማእከል ውስጥ በጥር ወር የተካሄደ የፊርማ ምስል ውድድር እንዴት እንደተዳኘ፣ ዳኝነቱ የት ላይ እንደተሳሳተና ስሕተቱ በምን መንገድ እንደታረመ ያስረዳል። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እኔ ስለነበርኩ የጥፋቱ ድርሻ የእኔም ነው። የሠልጣኞቹንም ሆነ የባልደረቦቼን ስም አላነሣም፤ ለጉዳዩም ስማቸው አያስፈልግም።

የፊርማ ምስል የምለው ሰው በሚልከው መልእክት ግርጌ፣ ከስሙ ሥር የሚያኖረውን ጠባብና አግድም ሥዕል ነው። ማእከሉ ለውድድሩ የሰጠው ልክ ወርዱ 500 ፒክሰል (ፒክሰል የዲጂታል ምስል ትንሿ ነጥብ ናት)፣ ቁመቱ 150 ፒክሰል ሲሆን የፋይሉ መጠን ከ100 ኪሎባይት እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። መነሻ ሐሳቡ ጣና ነው። 14 ሥራዎች ቀረቡ። ይህ ልክ ለሠሪው ቀላል ይመስላል እንጂ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ወርዱ ከቁመቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሆነ ዓይን ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል፤ የሚያርፍበት አንድ ቦታ ካላገኘ ምንም ሳያይ ይወጣል። በትልቅ ሸራ ላይ ይቅር የሚባል ጥቃቅን ግድፈትም እዚህ የሥዕሉን ሩብ ይይዛል።

ሦስታችን ዳኞች የመጣነው ከተለያየ ሙያ ነው። እኔ በኅትመት ቤት ባነርና የመጽሐፍ ሽፋን ስሠራ የኖርኩ ነኝ። ሁለተኛው የማእከሉ አሠልጣኝ ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደጉ፣ ዕድሜያቸውም ሙያቸውም ከሁለታችን የሚበልጥ አንድ መሪጌታ ነበሩ። የመመዘኛ ቅጹን ያዘጋጁት አሠልጣኙ ሲሆኑ፣ ነጥቦቹ የዓይን ማረፊያ 20፣ ብርሃን 20፣ ጥልቀት 20፣ የቀለም ስምምነት 15፣ ጽሑፍ 15፣ አጠቃላይ ስሜት 10 ነበሩ። ቅጹ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የፊርማ ምስል ሠሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲሠሩበት የኖሩት ስልት አንድን ሰው ወይም ነገር ከፎቶ ቆርጦ ማውጣት፣ ከኋላው ደብዘዝ ያለ ዳራ ማስቀመጥ፣ በብራሽና በብርሃን ማዋሐድ፣ በመጨረሻም ስም መጻፍ ነው። የተቆረጠውን ክፍል ሠልጣኞቹ «ሬንደር» ይሉታል። ጥልቀት የሚባለው መመዘኛም ከዚህ የመጣ ነው፤ ከፊት ያለው ጥርት፣ ከኋላ ያለው ፍዝዝ ሲል ጠባቡ ምስል ወደ ውስጥ የሚያስገባ መስኮት ይመስላል።

ዳኝነቱን ያካሄድነው መጋረጃውን ዘግተን፣ ሥራዎቹን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ እያሳየን ነው። የምስሉ ወርድ ግድግዳው ላይ ሁለት ሜትር ያህል ይሆን ነበር። ይህንን ልብ ይሏል።

በዚያ ቀን አንደኛ የወጣው ሥራ የማታ ጣናን የሚያሳይ ነበር። በግራ በኩል ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች፤ ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ አፍንጫው ወደ ላይ የቀና የደንገል ታንኳ አለ፤ ቀዛፊው ቆሞ መቅዘፊያውን ውኃው ውስጥ ተክሏል፤ ከፊት ለፊቱ ነጭ ይብራ ክንፉን ዘርግቶ ሊያርፍ ነው። ጭጋጉ፣ ውኃው ላይ የሚንሸራተተው ወርቃማ ብርሃን፣ ከኋላ ፈዝዞ የሚታየው የደሴት ጥላ ሁሉ በብዙ ሌየር፣ ማለትም በብዙ የምስል ንብርብር፣ ተደራርቦ የተሠራ ነው። ከታንኳው ሥር በብርቱካንማ ቀለም «ቤተ ደንገል» የሚል የብዕር ስም ተጽፎ በዙሪያው የብርሃን ፍካት ተጨምሮበታል። ግድግዳው ላይ ሲወጣ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። እኔም 88 ሰጠሁት፤ ዛሬም ቢሆን ትጋቱ የሚያስከብር ሥራ ነው እላለሁ።

ዘጠነኛ የወጣው የአንዲት ወጣት ሠልጣኝ ሥራ ነው። ጥልቀት የለውም፤ ዳራው አንድ ወጥ ቢጫ ነው። በግራ በኩል እስከ አንገቷ ብቻ የምትታይ፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች አሮጊት አለች። ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፤ ፊት ለፊት ያያሉ፤ ዙሪያቸው በወፍራም ጥቁር መሥመር ተከብቧል። በቀኝ በኩል ሁለት ፊደል ብቻ በቀይ ተጽፏል፤ «ዘጌ»፣ ጣና ዳር ያለው ባሕረ ገብ መሬት ስም። አለቀ። ምስሉን የሣለችው በማውዝ ነው። አሠልጣኙ ለጥልቀት 3 ሰጧት፤ እኔ 5 ሰጠኋት። መሪጌታ የጥልቀትን ቦታ ባዶ ተዉት፤ በጊዜው የረሱት መስሎን ዜሮ አድርገን ደመርነው። ይህ ከጥፋቶቻችን ሁሉ የሚያሳፍረኝ ነው፤ አልረሱትም ነበርና።

ሽልማቱ በእጅ ብዕር የሚሣልበት የግራፊክስ ታብሌት ሲሆን፣ በዚያው ዕለት ለታንኳው ባለቤት ተሰጠ።

ችግሩ የታወቀው በማግሥቱ ነው። የማእከሉ ጸሐፊ አንደኛ የወጣውን ምስል በመልእክት ግርጌ አስገብተው ለሁላችንም ላኩልን፤ ከምስሉም ጋር «ለመሆኑ ቢተ ደንገል ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ስልኬን ከፍቼ አየሁት። ቀዛፊው ቡናማ እድፍ ሆኗል። ይብራው የተቀደደ ወረቀት ይመስላል። ጽሑፉም ጸሐፊዋ እንዳሉት «ቢተ» ይላል። እኔ ራሴ ከአንድ ቀን በፊት «ቤተ» ብዬ ያነበብኩት ቃል ነው፤ አሁን ግን ስሙን ባላውቀው ኖሮ እንደ እርሳቸው እንደማነበው አልተጠራጠርኩም።

ይህ ለምን እንደሆነ በደንብ ሊታይ ይገባዋል፤ ከአማርኛ ፊደል ጠባይ ጋር የተያያዘ ነውና። ቡ ካዕብ ከእግሯ መካከል ላይ በቀኝ በኩል አጭር ቅጥል አላት፤ ቢ ሣልስ ቅጥሏ ወደ እግሯ ግርጌ ይወርዳል፤ ቤ ኃምስ ደግሞ ግርጌዋ ላይ ትንሽ ቀለበት ትይዛለች። ቢንና ቤን የሚለያቸው ያ ቀለበት መሐሉ ክፍት መሆኑ ብቻ ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው አናባቢውን ራሱን ችሎ በቆመ ሙሉ ፊደል ይጽፈዋል፤ እኛ ግን አናባቢያችንን የምንሸከመው በእነዚህ ጥቃቅን ቅጥሎች ላይ ነው። በዚህ ሥራ የፊደሎቹ ቁመት 18 ፒክሰል ነበር፤ በዚያ ልክ የቤ ቀለበት ከአራት ፒክሰል አይበልጥም። ስልኩ ምስሉን ከመስኮቱ ወርድ ጋር ለማስማማት ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲያሳንሰው ፊደሉ ወደ 12 ፒክሰል ወረደ፤ ቀለበቱም ሦስት ፒክሰል እንኳ ሳይሞላ ቀረ። ሠሪው በዙሪያው የጨመረው ፍካት ደግሞ መሐሉን ደፈነው። ቀለበቱ ሲደፈን ቅጥል ሆነ፤ ቤ ቢ ሆነች።

በዚህ ላይ የፋይሉ ዓይነት ተጨመረ። ሥራው የተቀመጠው በጄፔግ ነው። ጄፔግ ምስልን ስምንት በስምንት ፒክሰል በሆኑ ቁራጮች ከፋፍሎ ነው የሚያጨምቀው፤ አብዛኛውን ጊዜም የቀለምን ዝርዝር ከብርሃን ዝርዝር ይበልጥ ይቀንሳል። ለፎቶ ይህ ብዙም አይታወቅም፤ ቀጭን መሥመርና ትንሽ ፊደል ላይ ግን ዙሪያውን ያጨማልቃል። ምስሉ ያን ሁሉ ጭጋግና ብልጭታ ይዞ ከ100 ኪሎባይት በታች እንዲገባ ጥራቱ በጣም ተቀንሶ ነበርና ጉዳቱ የከፋ ሆነ። የቀለሙን ንፅፅር ስንለካው ደግሞ ብርቱካንማው ጽሑፍ ከኋላው ካለው ቡናማ ጋር ያለው የብሩህነት ልዩነት 2 ለ 1 ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ መሠረት ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ ቢያንስ 3 ለ 1 ያስፈልጋል።

እኛስ ይህን ሁሉ እንዴት ሳናይ ቀረን? ሁለት ሜትር ላይ የተዘረጋ 500 ፒክሰል አንዱ ፒክሰል አራት ሚሊሜትር ይሆናል። የቤ ቀለበት ግድግዳው ላይ አንድ ሳንቲም ተኩል ያህል ነበረች፤ ከአዳራሹ መጨረሻ ረድፍም ትነበባለች። ጨለማው ክፍልም ለማታው ሥዕል የተመቸ ነበር። በአጭሩ፣ ያየነው ሠልጣኙ የሠራውን የፊርማ ምስል አልነበረም፤ ሌላ ትልቅ ምስል ነው።

አሠልጣኙና እኔ ሥራውን እንደገና በዝርዝር ስንመረምረው ከመጠኑ ጋር የማይያያዙ፣ ግድግዳ ላይም ሳለ ልናያቸው ይገቡን የነበሩ ሁለት ግድፈቶች አገኘን። የመጀመሪያው የይብራው ጠርዝ ነው። ወፉ የተቆረጠው ብሩህ ሰማይ ካለበት የቀን ፎቶ ስለሆነ በክንፉ ዙሪያ አንድ ፒክሰል ያህል የነጣ ክር ቀርቷል። ስልኩ ላይ የተቀደደ ወረቀት ያስመሰለው ይኸው ነው። መፍትሔውም የሚታወቅ ነው፤ ጠርዙን በማስክ (የምስሉን ክፍል በሚሸፍነው መሣሪያ) አንድ ፒክሰል ወደ ውስጥ መሳብና የዳራውን ቀለም በስሱ ማልበስ ይበቃል። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ፀሐይዋ በግራና ከኋላ ናት፤ የቀዛፊው ፊት ግን በቀኝ በኩል ነው የበራው።

ይህንን ለሠሪው ስንነግረው ቅር አለው፤ ሆኖም ያቀረበው መከራከሪያ ተራ አልነበረም። «ጋሼ፣ ውኃ ላይ እኮ ነው ያለው፤ ውኃው ብርሃን ይመልሳል» አለኝ። መልሱን በቃል ከምከራከር ብዬ ከእርሱና ከአሠልጣኙ ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንድ ባለታንኳ በእኛና በፀሐይዋ መካከል ሲያልፍ ጠብቀን በስልክ ፎቶ አነሳነው። ሰውየው ሙሉ በሙሉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ነበር የታየው፤ በፀሐይዋ በኩል ባለው ትከሻውና በመቅዘፊያው ጠርዝ ላይ ብቻ ቀጭን የወርቅ ክር ተስሏል። ልጁ ስለ ውኃው ያለው ግን ከንቱ አልነበረም፤ ፎቶውን አጉልተን ስናየው ከአገጩ ሥርና ከክንዱ በታች ደብዛዛ ወርቃማ ነጸብራቅ አለ። ከውኃ የሚመለሰው ብርሃን ከታች ይመጣል እንጂ ከቀኝ አይመጣም። ልጁ ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየውና ቀዛፊውን ከሌላ ፎቶ ቆርጦ እንዳመጣው፣ ብርሃኑንም ሳያገናዝብ እንዳስገባው በራሱ አንደበት ነገረን። ከዚያ ምሽት ወዲህ ስለ ብርሃን ለሠልጣኞች ሳስረዳ የማሳየው ያንን ፎቶ ነው።

ዳኝነቱን ለመድገም ወሰንን። በዚህ ጊዜ ፕሮጀክተሩን ትተን እያንዳንዱን ሥራ በእውነተኛ ልኩ፣ በመልእክት ግርጌ ተቀምጦ፣ አንድ ጊዜ በኮምፒውተር፣ አንድ ጊዜ በስልክ አየነው፤ በነጭ ገጽና በጨለማ ገጽ ላይም እያፈራረቅን ሞከርነው። ቀጥሎ ቀለሙን ሙሉ በሙሉ አውጥተን በግራጫ ተመለከትነው፤ ግራጫ ሲሆን የሚጠፋ ነገር በቀለም ብቻ የቆመ ነውና ቀለም መለየት ለሚቸግረው ሰው አይደርሰውም። ስሙን የማያውቅ አንድ ሰው ጠርተን ጽሑፉን ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረግን። ከማጉላታችን በፊትም መጀመሪያ የታየንን ነገር በአንድ ቃል ጻፍን፤ የሦስታችን ቃል ከተለያየ ምስሉ የዓይን ማረፊያ የለውም ብለን ተስማማን። ለታንኳው ሥራ አሠልጣኙ «ፀሐይ»፣ እኔ «ወፍ»፣ መሪጌታ «ጭስ» ጽፈን ተገኘን። ለዘጌው ሥራ ሦስታችንም የጻፍነው «ዓይን» ነበር።

የዘጌው ምስል በዚህ ሁሉ ፈተና ንቅንቅ አላለም። ሁለቱ ፊደላት ቁመታቸው 40 ፒክሰል ስለነበር ስልክ ላይ ቢያንሱም የጌ ቀለበት ክፍት ሆና ትታያለች። ቀለሞቹ ወጥ ስለሆኑ ፒኤንጂ በሚባለው የፋይል ዓይነት ሲቀመጥ ምንም ጥራት ሳያጣ 21 ኪሎባይት ብቻ ይዟል። ቀዩ ጽሑፍ በቢጫው ላይ በግራጫም ሲታይ ጠቆር ብሎ ይለያል።

ዋናው ክርክር የተነሣው ግን ጥልቀት ላይ ነው። አሠልጣኙ መመዘኛው ለሁሉም እኩል መሆን አለበት፣ ለአንዷ ሲባል ነጥብ ሊዘለል አይገባም አሉ፤ አቋማቸው ፍትሕን ከመውደድ የመነጨ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚህ ጊዜ ነው መሪጌታ ባዶ ስለተዉት ቦታ የተናገሩት። በዚያው በዘጌ ባለችው በዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ግድግዳ ላይ በሸማ ተሥለው የተለጠፉትን ሥዕሎች አነሡ። እዚያ ዳራው ወጥ ቀለም የሆነው ሠዓሊው ርቀትን መሣል ስላቃተው አይደለም፤ የተሣለው ቅዱስ ከተመልካቹ ጋር ፊት ለፊት እንዲገናኝ ስለፈለገ ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ኃጥእ ግን ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ስለዚህ፣ አሉ መሪጌታ፣ ጥልቀት እሰጣለሁ ያላለን ሥዕል ጥልቀት አልሰጠህም ብሎ መቅጣት ያልተበደረን ሰው ዕዳ ክፈል እንደማለት ነው። ከዚያ ወደ ሠሪዋ ዞሩና «ልጄ፣ ይህች ማን ናት? የቅዱሳን ዓይን ነው የሰጠሻት» አሏት። «መሪጌታ፣ አክሊለ ብርሃን የላትም እኮ፤ አያቴ ናት፤ ዘጌ ነው ያደገችው» አለች። መሪጌታ ዝም ብለው ምስሉን አዩት። ዝምታቸው የተቃውሞ አልነበረም።

እኔ በዚህ ጉዳይ ያለኝ አስተያየት የጠነከረ ነው። አንድ መመዘኛ የተወለደበት ስልት አለው። ጥልቀት ፎቶ ቆርጠው ለሚያዋሕዱ ሰዎች ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የተቆረጡት ክፍሎች በአንድ ስፍራ የነበሩ መስለው መታየት አለባቸው። በመሥመርና በወጥ ቀለም የሚሠራ ሰው ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ መሥመሩ ሕይወት አለው ወይ፣ ባዶው ቦታ ሥራ ይሠራል ወይ፣ ቅርጹ ቢያንስም ይታወቃል ወይ የሚለው። በዚህ ጥያቄ ደግሞ የዘጌው ሥራ እንከን የለሽ አልነበረም፤ እንከኑንም ያወጡት እርሷን የተከራከሩላት መሪጌታ ራሳቸው ናቸው። ከዓይኖቹ ሥር የሚያልፈው መሥመር ያለ ምክንያት አንድ ቦታ ላይ ወፍሮ ሌላ ቦታ ላይ ይቀጥናል። መሥመር ሲወፍር ጥላ ወይም ክብደት ሊናገር ይገባዋል፤ እዚህ ግን የሚናገረው እጅ መንቀጥቀጡን ብቻ ነበር። ለመሥመር ከ20 የሰጧት 11 ነው።

ስለ ቀሩት ሥራዎች በአጭሩ ልለፍ። አንዱ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በሚንቀሳቀስ ጊፍ ሠርቶት ነበር፤ ጊፍ በአንድ ክፈፍ ከ256 ቀለም በላይ ስለማይዝ የውኃው ጢስ በስሱ ከመፍዘዝ ይልቅ እንደ ደረጃ ተደራርቦ ታየ። ሁለት ሥራዎች የሌላ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃድ የተጠቀሙ ሆነው በመገኘታቸው ከውድድሩ ወጡ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍም ጥበቃ ይሰጣል፤ ይህን ለሠልጣኞቹ በመጀመሪያው ቀን መንገር ነበረብን፤ አልነገርናቸውም። ስለዚህ ከውድድር አወጣናቸው እንጂ ወቀሳ አልጨመርንባቸውም።

በድጋሚው ዳኝነት የዘጌው ሥራ ሁለተኛ ሆነ። አንደኛ የወጣው መጀመሪያ አራተኛ የነበረ፣ ከእምቦጭ አረም መካከል የተያዘች አንዲት ታንኳን ብቻ በሦስት ቀለም ያሳየ ሥራ ነው፤ መሥመሩም ጽሑፉም በስልክ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። የማታው ታንኳ አምስተኛ ላይ ወረደ። ታብሌቱን ከልጁ አልነጠቅንም፤ የተሳሳትነው እኛ ስለነበርን ማእከሉ ለአዲሱ አንደኛ ሌላ ሽልማት እንዲፈልግ ጠይቀን ሁለቱንም ውጤቶች ጎን ለጎን ለጠፍናቸው። ቅጹ ላይ ጥልቀት የሚለው ነጥብ «ምስሉ ርቀት አሳያለሁ ካለ» በሚል ተቀየረ፤ ካላለ ነጥቡ ለመሥመር ይሆናል። አሠልጣኙ በዚህ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም፤ ሁለት ዓይነት ሥራ በሁለት ዓይነት ሚዛን ከተለካ ድምሩን ማወዳደር አይቻልም ይላሉ። ለዚህ ጥያቄያቸው በቂ መልስ አላገኘሁም።

የማታው ታንኳ ባለቤት ይብራውን አውጥቶ፣ ቀዛፊውን ጥላ አድርጎ፣ የቤን ቀለበት በእጁ አስፍቶ ምስሉን እንደገና ሠራው። የተሸለመውንም ታብሌት ለባለ ዘጌዋ ለሁለት ሳምንት አዋሳት። እርሷም የአያቷን ፊት በእርሱ እንደ አዲስ አሥምራ ለመሪጌታ አሳየቻቸው። እርሳቸውም ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ካዩ በኋላ፣ የግራው ዓይን መሥመር አሁን ልክ መሆኑን፣ የቀኙ ግን ገና መሆኑን ነግረው መለሱላት።